በመሪዎች የተፈረሙ ቅዱሳት መጻሕፍት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፖለቲካ መሪዎች የፈረሙባቸውን መጽሐፍ ቅዱሶችና ቁርኣኖች የሚሰበስብ ሰው የአማኞችን ክብርና የታሪክን ማስረጃ በአንድ ገጽ ላይ ይይዛል፤ ስለዚህም ከሌላው የፊርማ ሰብሳቢ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠበቅበታል። ከዚህ በታች የቀረቡት አባባሎች መጽሐፉን የሚገዛውን ሰውም መጽሐፉን ራሱንም ሲጎዱ የኖሩ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።

«መሪዎች በቅዱስ መጽሐፍ ላይ መፈረም የጀመሩት በቅርቡ ነው።»
ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በ2019 አላባማ ውስጥ 23 ሰዎች ከሞቱበት አውሎ ነፋስ በኋላ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተገኝተው መጽሐፍ ቅዱሶችን ሲፈርሙ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ድርጊቱ ግን አዲስ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በጥቅምት 1986 በአንድ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ገላትያ 3፥8ን በእጃቸው ገልብጠው፣ ቀኑን ጽፈው ፈርመዋል፤ መጽሐፉም አሜሪካ ከኢራን ጋር በምስጢር ታካሂደው በነበረው የጦር መሣሪያ ድርድር መካከል ለኢራን ሰዎች ተሰጠ። በጥር 1987 የኢራን ፓርላማ አፈ ጉባኤ የነበሩት ራፍሳንጃኒ ያንኑ መጽሐፍ ለጋዜጠኞች አሳዩት። የወዳጅነት ምልክት እንዲሆን የተሰጠ ስጦታ የድርድሩ ማስረጃ ሆኖ አደባባይ ወጣ። አንድን ባለፊርማ መጽሐፍ ታላቅ የሚያደርገው እንዲህ ያለው ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማን እንደጻፈበት፣ መቼ እንደጻፈበት፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ በግልጽ ይታወቃልና።

«መሪው ቃለ መሐላ የፈጸመበት መጽሐፍ ፊርማው አለበት ማለት ነው።»
አብርሃም ሊንከን በ1861 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የቤተሰባቸው መጽሐፍ ቅዱስ ገና ከጓዛቸው ስላልወጣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ጸሐፊ ዊሊያም ቶማስ ካሮል ሌላ መጽሐፍ አቀረቡ። ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በሚገኘው በዚህ መጽሐፍ በስተኋላ ያለው የካሮል ምስክርነትና የፍርድ ቤቱ ማኅተም ነው። ለታሪኩ ማስረጃ የሆነው የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ሳይሆን የጸሐፊው ቃል ነው።

«ባለቤትነትን የሚያሳየው በሙሉ ስም የተጻፈ ፊርማ ብቻ ነው።»
በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ቶማስ ጄፈርሰን በ1765 የገዙትን የቁርኣን ትርጉም ጨምሮ መጻሕፍታቸውን ምልክት የሚያደርጉት በሌላ መንገድ ነበር። አታሚዎች ጥራዙን በቅደም ተከተል ለማያያዝ በገጽ ግርጌ ፊደላት ያስቀምጡ ነበር፤ ጄፈርሰንም ከእነዚያ የታተሙ ፊደላት አጠገብ አንዲት ፊደል በብዕር ጨምረው የስማቸውን መነሻ ፊደላት ያሟሉ ነበር። የመጀመሪያውን ባዶ ገጽ ብቻ አይቶ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው ይህን ምልክት ፈጽሞ አያገኘውም።

«በመጽሐፉ ላይ የመሪው ስም ካለ መሪው በእጁ ፈርሟል።»
ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ወታደሮች በታደሉት የኪስ አዲስ ኪዳኖች ውስጥ የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መልእክት ይገኛል፤ መልእክቱም ከሥሩ ያለው ስምም የታተሙ ናቸው። ከዚያ በኋላ ደግሞ የፊርማን ቅርጽ እየተከተለ በእውነተኛ ብዕር የሚፈርመው ኦቶፔን የተባለው ማሽን በፕሬዚዳንቶች ጽሕፈት ቤት አገልግሎት ላይ ውሏል፤ በመሪዎች ስም የሚፈርሙ የቢሮ ጸሐፊዎችም ነበሩ። ስለዚህ ገጹን በአጉሊ መነጽር ይመርምሩ። የታተመ ፊርማ ብዙውን ጊዜ በጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ ይታያል። ማሽን የፈረመው መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ እኩል ሲሆን፣ መነሻውና መድረሻው ላይ የቀለም ነጥብ ሊኖረው ይችላል። የሰው እጅ ግን አንዴ ይጫናል፣ አንዴ ይለቃል። የመጽሐፍ ቅዱስ ወረቀት ስስ በመሆኑ መብራትን ከጎን አብርተው ገጹን ከጀርባው ቢያዩት የብዕሩ ጫና የተወውን ምልክት ሊያገኙ ይችላሉ። ሁለት ፊርማዎች ሲደራረቡ አንዳች ልዩነት ከሌላቸው ያ ራሱ የማሽን ምልክት ነው፤ ማንም ሰው ሁለት ጊዜ በትክክል አንድ ዓይነት አድርጎ አይፈርምም።

«የሮበን ደሴት መጽሐፍ ቅዱስ ኔልሰን ማንዴላ የፈረሙበት መጽሐፍ ቅዱስ ነው።»
ይህ ስም ያሳስታል። መጽሐፉ ማንዴላ በታሰሩበት በደቡብ አፍሪካው የሮበን ደሴት እስር ቤት የነበረ የሼክስፒር ሥራዎች ስብስብ ሲሆን፣ ጠባቂዎች የሃይማኖት መጽሐፍ እንዲመስላቸው በሂንዱ በዓል ካርዶች ተሸፍኖ ነበር። ማንዴላ በታኅሣሥ 1977 ከመረጡት ክፍል አጠገብ ፈርመውበታል።

«የማረጋገጫ ወረቀት ካለ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።»
ወረቀቱ የሰጪውን አስተያየት ይነግርዎታል፤ ክብደቱም በሰጪው ዕውቀት ልክ ነው። መጽሐፉ የተፈረመበት ዕለት የተነሣ ፎቶግራፍ፣ አብሮት የመጣ ደብዳቤ ወይም የቀድሞ ባለቤቶች ዝርዝር ከወረቀቱ ይበልጣል። እነዚህን ያገኘ ሰው ከመጽሐፉ ሳይለይ፣ ነገር ግን በገጾቹ መካከል ሳይከት፣ በተለየ ማኅደር ያስቀምጣቸው። ፊርማው ያለበትን ገጽ በፕላስቲክ ማሸግም ሆነ ግልጥ አድርጎ በብርሃን ፊት ማቆየት አይገባም፤ ብርሃን ያደበዘዘው ቀለም አይመለስም።