ደንን ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ማላመድ ምንድን ነው?

«ደኑን እናላምዳለን ይሉናል፤ ሥራቸው ግን ዛፍ መቁረጥ ነው!» ብሎ የተቆጣ ሰው ሰሞኑን ደግሞ ገጠመኝ። ቁጣው ከቅን ልብ የመጣ ነው። ግን ሁለት ነገር ተምታቶበታል።

ካርቦን እንዲይዝልን ዛፍ መትከል የለውጡን መንስኤ መቀነስ ነው። ማላመድ የሚጨነቀው ለደኑ ለራሱ ነው። የሚመጣውን ሙቀትና ድርቅ ይችለዋል ወይ?

እንዲችለው አንዳንዴ መጋዝ ያስፈልጋል። በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ሥሮች ሁሉ አንዱኑ ውሃ ይሻማሉ። ድርቅ ሲመጣ ሁሉም አብረው ይጠማሉ። የተጠማ ዛፍ ደግሞ ቅርፊት የሚቦረቡሩ ጥንዚዛዎችን የሚመክትበት ሙጫ ያጥረዋል። በጀርመን ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ድርቅና ጥንዚዛ ተባብረው በሦስት ዓመት ገደማ 500 ሺህ ሄክታር ያህል ደን ፈጁ። በብዛት ያለቀው ስፕሩስ ነው፤ ቀዝቃዛ ቦታ የሚወድ፣ ሰው ግን ሞቅ ወዳለው ዝቅተኛ ቦታ አውርዶ በገፍ የተከለው ዛፍ። ችግሩ የችግኝ እጥረት አልነበረም።

ማሳሳት፣ ማለትም ከመካከል የተወሰኑ ዛፎችን መቁረጥ፣ ለቀሪዎቹ ውሃ ያተርፍላቸዋል። በእርግጥ ከልክ ካለፈ ነፋስ ይጥላቸዋል። ቅርንጫፎቻቸው መልሰው ሲገጥሙም ጥቅሙ ስለሚቀንስ ሥራው ይደገማል።

ከዚህ የሚከብደው ዘር መምረጥ ነው። ለሚያድግ ልጅ ጫማ መግዛትን አስቡ። በልኩ ከገዛችሁለት ቶሎ ይጠበዋል። በጣም ከሰፋው ዛሬውኑ ይደናቀፍበታል። ዛፍ ደግሞ አንዴ የተጫማውን መቶ ዓመት ላያወልቅ ይችላል። ከዚያው ከደኑ የተለቀመ ዘር ልኩ የወላጆቹ ዘመን ነው። በጣም ከሞቃት ቦታ የመጣው ለነገ ይሆን ይሆናል፤ ግን ገና ችግኝ ሳለ አንድ ሌሊት ውርጭ ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ብቻ ሰፋ የሚለውን እንፈልጋለን። በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የዘር ደንቡ ራሱ ተለውጦ፣ ዘር የሚመረጠው በአየር ንብረት ተስማሚነቱ ሆኗል። የነገውን ልክ በትክክል የሚያውቅ ስለሌለም የተለያዩ ዝርያዎችን ቀላቅለን እንተክላለን።

በማላመድ ስም የሚቆረጠው ሁሉ ማላመድ ነው እያልኩ አይደለም። ጤነኞቹን ግዙፍ ዛፎች ለገበያ ወስዶ ቀጫጮቹንና ደካሞቹን የሚተው ቆረጣ አለ። እሱን ያ ሰው ቢቆጣበት አብሬው እቆጣለሁ።