የነከሰ የቮልስ ሞተር፦ ጋራዥ በር ላይ የሚወሩ ስህተቶች

ባሕር ዳር ግቢ ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ የምትከርም አሮጌ ቮልስ ብርቅ አይደለችም። አባት ያቆማትን ልጅ ሊያስነሳ ይነሳል። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ትልና ዝም። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ መካኒክ ነው፤ «ነከሰች» ይላል፣ ሞተሩ ውስጡ ተጣብቆ አልዞር አለ ማለቱ ነው።

«ካልዞረች ነክሳለች»

ቶሎ አይፈረድም። የሞተ ባትሪ፣ የዛገ የባትሪ ገመድ ጫፍ፣ የተበላሸ ሞተሪኖም (ሞተር ማስነሻው) ያንኑ ድምፅ ያሰማሉ። ማርሹን ፎሌ (ዜሮ) አድርጉ፣ ካንዴላዎቹን ፍቱ፣ የኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፑሌጃ፣ ቺንጋ የሚዞርበትን ጎማ፣ በ30 መፍቻ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። ካንዴላው ወጥቶ ከዞረ፣ ሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል።

«ጎትቶ ማርሽ ማስገባት ነው»

ይሄ ምክር ከጉልበተኛ መኪና ባለቤት ነው የሚመጣው። ገመድ ይታሰራል፣ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፣ ፍሪሲዮን በድንገት ይለቀቃል። ቆማ የነከሰች መኪና ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የተያዘው ፋሻው፣ ፒስተኑን የከበበው ቀለበት፣ ነው። ቫልቩ ተከፍቶ በቆመበት ሲሊንደር እርጥበት ይገባል፣ ፋሻውም ከግድግዳው ጋር በዝገት ይጣበቃል። ፋሻ ደግሞ ጊዛ (ተሰባሪ ብረት) ነው፤ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። ስባሪው ሲሊንደሩን ይቧጭራል። ቢየላም (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ሊጣመም ይችላል። የተጣበቀ ቫልቭ ካለማ ጉዱ ሌላ ነው። በትንሽ ዘይት ሊፈታ የነበረው ነገር ሞተር ማውረድ ይሆናል። እኔ ከዝገቱ ይልቅ ገመዱን እፈራለሁ።

ቫልቮቹን ማየት ከባድም አይደለም። ቮልስ ላይ የቫልቭ ክዳኑን የያዘው አንድ ወፍራም ሽቦ ነው፣ ቡሎን እንኳ የለውም።

«ማታ ናፍጣ አፍስስ፣ ጠዋት ንዳ»

ናፍጣና ዘይት መቀላቀሉ ጥሩ ነው። ችኮላው ነው ስህተቱ። አንዳንዱ ሞተር ሳምንታት ይፈልጋል። ደግሞ የቮልስ ሲሊንደሮች የተኙ ናቸው። በካንዴላ ቀዳዳ ያፈሰሳችሁት ታች ይተኛል፣ የላይኛው ግድግዳ ደረቅ ይቀራል። መኪናዋን በክሪክ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ጎን ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ ድጋፍ ሳታስገቡ ግን ከስር እንዳትገቡ። ከዚያ የመጨረሻውን ማርሽ አስገብታችሁ በእጅ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ማወዛወዝ ነው። ከተፈታች በኋላ ካንዴላ ሳይገባ አሽከርክሩና ፈሳሹን አስወጡ። ናፍጣው በፋሻው አልፎ ዘይቱን ስለሚያቀጥነው፣ ሞተሩ ሳይነሳ ሁለት ሊትር ተኩሉን ዘይት ቀይሩ።

«የጣና ጨው በላት»

ጣና ጨው የለውም፣ ውሃው ጨዋማ አይደለም። ዝገቱን የሚያመጣው እርጥበት ነው። ክረምት ላይ እርጥብ አየር በጭስ ማውጫው ይገባል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ብረቱ ላይ ጠል ይሆናል። ሰኔ ሳይገባ በየካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት አድርጎ በእጅ ማዞርና ጭስ ማውጫውን መድፈን ብዙ ያድናል። መድፈኛውን ከማስነሳት በፊት ማውጣት አይረሳ!

«በሳምንት አምስት ደቂቃ ማስነሳት ይበቃታል»

እንዲያውም ይጎዳታል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩ ሳይግል ከጠፋ ውሃው ጭስ ማውጫውና ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ወይ በጢስ ዓባይ መንገድ ግማሽ ሰዓት ንዷት፣ ወይ አትንኳት።

«ከነከሰ ሞተር መቀየር ነው»

ቮልስ ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው ይወጣል፣ ከፒስተኑ ጋር ይቀየራል። ፔጆ 404 እና 504ም ካሚሻቸው (የሲሊንደሩ ውስጠኛ ቱቦ) ይወጣል። ዘይት ጨርሳ እየሄደች መንገድ ላይ የነከሰች ግን ሌላ ጉዳይ ናት። እዚያ ብሮንዚኑ (ኮሎው የሚዞርበት ልስልስ ብረት) ኮሎው ላይ ቀልጦ ሊሆን ይችላል። ናፍጣ አይፈታውም፤ ሞተሩ ይወርዳል፣ ኮሎው ቶርኖ ቤት ሄዶ ይለካል።