ቦሞን ምንድን ነው? ተራራ፣ ሰው ወይስ ከተማ?

ሦስቱንም ነው። በፈረንሳይኛ «ቦ» ቆንጆ፣ «ሞን» ደግሞ ተራራ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቆረቆረ መንደር ሁሉ ስሙን የወደደው ይመስላል፤ ፈረንሳይ ውስጥ ቦሞን ሞልቷል። ስለዚህ መለያ ይቀጠልለታል። ዋዝ ወንዝ ዳር ያለው «ቦሞን ሱር ዋዝ» ይባላል።

ወደ ሰው እንዴት ተሻገረ? እኛስ ከበደ ሲበዛብን «የደሴው ከበደ» እንል የለ? በ11ኛው ክፍለ ዘመን ኖርማንዲ ውስጥ ሮዤ የሚባል ባላባት በርስቱ ስም «ሮዤ ደ ቦሞን» ተባለ። «ደ» የእኛ «የ» መሆኗ ነው። ደስ የሚለው ተገላቢጦሹ ነው፦ ከተማዋም ከሌሎቹ ቦሞኖች እንድትለይ የእሱን ስም ወሰደች። እስከ ዛሬ «ቦሞን ለ ሮዤ» ነች። ስም ተበዳድረው ቀሩ ማለት ነው።

ልጁ ሮቤር በ1066 እ.ኤ.አ. ከኖርማንዲው መስፍን ጋር ባሕር ተሻግሮ ሄስቲንግስ ላይ ተዋጋ። ስሙም እንግሊዝ ገባ። በጊዜ ብዛት «ደ» ቀረች፣ አነባበቡም «ቦውሞንት» ሆነ። በላቲን ፊደል አጻጻፉ ያው አንድ ነው፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን ሁለት ስም ይመስላል።

ከቦውሞንቶቹ እኔን የሚገርመኝ አሜሪካዊው የጦር ሐኪም ዊሊያም ነው። በ1822 ማኪናክ ደሴት ላይ አሌክሲ ሳን ማርታን የሚባል ወጣት ሆዱን በጥይት ተመታ። (ሳን ማርታንም ያው ነው፤ በዚህ ስም የሚጠራ መንደር ፈረንሳይ ውስጥ ስንትና ስንት አለ።) ልጁ ተረፈ፣ ጥይቱ የበሳው ቀዳዳ ግን አልተደፈነም። ሐኪሙ ቁራጭ ሥጋ በሐር ክር ያስርና በቀዳዳው ጨጓራው ውስጥ ይከታል። ከሰዓታት በኋላ ስቦ አውጥቶ ምን ያህል እንደተፈጨ ያያል። ያየውን በ1833 በመጽሐፍ አወጣው። ታካሚው በመሃል ጥሎት ካናዳ ገብቶ ነበር። እኔም ብሆን እሄድ ነበር።

ቴክሳስ ያለችው ቦውሞንት ከተማ ግን ታስቀኛለች። ስሟ ቆንጆ ተራራ፣ ምድሯ ለጥ ያለ ሜዳ! ስሟን ያስጠራው ከመሬት በታች ያለው ነው። ጃንዋሪ 10 ቀን 1901 አጠገቧ ስፒንድልቶፕ ላይ ሲቆፈር ድፍድፍ ነዳጅ ከ30 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ተፈናጠረ። እስኪያቆሙት ዘጠኝ ቀን ፈጀ።