ስለ ብሩኖ ቦዜቶ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በ1938 ሚላኖ የተወለደው ጣሊያናዊው የካርቱን ፊልም ሠሪና ዳይሬክተር ብሩኖ ቦዜቶ ስሙ ሲነሳ አብረው የሚነሱ ስህተቶች አሉ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

«ላ ሊኔያ የእሱ ነው።» አይደለም። በአንድ ነጭ መስመር ላይ እየተራመደ፣ መስመሩ ሲቋረጥበት በሠዓሊው እጅ ላይ የሚነጫነጨው ሰውዬ በ1969 ለድስት አምራች ድርጅት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የተፈጠረ የኦስቫልዶ ካቫንዶሊ ሥራ ነው። የቦዜቶ ገጸ ባሕርይ በ1960 ብቅ ያለው አጭሩ አቶ ሮሲ ነው።

«የመጀመሪያው የጣሊያን ረጅም የካርቱን ፊልም ዌስት ኤንድ ሶዳ ነው።» ፊልሙ በ1965 ሲወጣ፣ በ1949 ለዕይታ የበቁ ሁለት ረጃጅም የጣሊያን ካርቱኖች ቀድመውት ነበር፤ የቦዜቶ ድርሻ ለዐሥራ ስድስት ዓመታት ተቋርጦ የቆየውን ሥራ መቀጠሉ ነው።

«አሌግሮ ኖን ትሮፖ የዲዝኒ ፋንታሲያ ግልባጭ ነው።» ሁለቱም በክላሲካል ሙዚቃ የታጀቡ የካርቱን ክፍሎችን የያዙ ፊልሞች ናቸው፤ ግን ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። በ1976 የወጣው ይህ ፊልም ዕዳውን አይደብቅም፤ ገና ሲጀምር አቅራቢው ሐሳቡ ፍጹም አዲስ መሆኑን እየፎከረ ሳለ ስልክ ተደውሎ አንድ አሜሪካዊ ቀድሞ እንደሠራው ይነገረዋል። ዲዝኒ የሕይወትን አጀማመር በሳይንሳዊ ክብደት ሲያሳይ፣ ቦዜቶ ግን ቦሌሮ በተባለው የራቬል ሙዚቃ ታጅቦ፣ ከጠፈር መንኮራኩር በተጣለ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ከቀረች ጭላጭ ፍጥረታትን እያስነሳ ያሰልፋቸዋል። ቀልድ ብቻም አይደለም፤ በሲቤሊየስ ሙዚቃ የታጀበው ክፍል፣ በፈራረሰ ቤት ውስጥ እየተንከራተተ በአንድ ወቅት እዚያ ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች በዓይነ ሕሊናው የሚያይ ዓይነ ትልቅ ድመት ያሳየናል፤ የሚያያቸው ሁሉ አንድ በአንድ ይጠፋሉ።

«ኦስካር አሸንፏል።» «አንበጣዎች» የተባለው አጭር ፊልሙ በ1991 ታጭቶ ነበር፤ አላሸነፈም። ያሸነፈው በ1990 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል «ሚስተር ታኦ» በተባለው አጭር ፊልሙ የወርቅ ድብን ነው። በ1960 የሠራው ፊልም ርእስ «ኦስካር ለአቶ ሮሲ» መሆኑም ሳያሳስት አልቀረም።

«ኮምፒውተር ሲመጣ ዘመኑ አለፈ።» በ1999፣ በ61 ዓመቱ፣ ፍላሽ በተባለው የኮምፒውተር ካርቱን መሥሪያ ፕሮግራም «አውሮፓና ጣሊያን» የተሰኘውን ሥራ አቀረበ። ሰዎቹ ከላይ የሚታዩ ክብ ነጥቦች ናቸው፤ ሌሎቹ አውሮፓውያን በሥርዓት ሲሰለፉ፣ ጣሊያናውያኑ ይጋፋሉ።