ፔጆ 504፦ የራሊው ጀግና የት የት ተገጣጠመ?

ፔጆ 504 የተወለደው ፈረንሳይ ነው። ስሙን ያገነነለት ግን የአፍሪካ አቧራ ነው። ፓሪስ ላይ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1968 መጸው ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ግንቦት የነበረው የሥራ ማቆም አድማ አዘግይቶታል። ቅርጹን የሠራው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። በ1969 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተባለ። ዋናው ፋብሪካ ሶሾ የምትባል ከተማ ነበር።

በራሊ ትልቁ ዓመቱ 1975 ነው። ስዊድናዊው ኦቬ አንደርሰን በኬንያ የሚካሄደውን የሳፋሪ ራሊ፣ ፊንላንዳዊው ሃኑ ሚኮላ ደግሞ የሞሮኮን ራሊ በ504 አሸነፉ። በ1978 ዣን ፒየር ኒኮላ ሳፋሪን ሲያሸንፍ የነዳው ባለ ሁለት በሩን ኩፔ ነው፤ ያ ሌላ መኪና ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ አሮጌ 504 የሚሸጥ ሰው «ይቺ እኮ የሳፋሪዋ ናት» ሲል መጠርጠር ጥሩ ነው። ለውድድር የተዘጋጁት መኪኖች ከኩባንያው ቡድን የወጡ ናቸው። ሕዝቡ የነዳው 504 ግን ከብዙ አገር የመጣ ነው።

ምክንያቱ ቀረጥ ነው። ብዙ አገሮች ያለቀለት መኪና ሲገባ ከባድ ቀረጥ ይጥሉ ነበር፤ በሳጥን ተፈታትቶ የመጣውን ግን ያበረታቱ ነበር። አካሉ፣ ሞተሩና ማርሹ ከፈረንሳይ ይመጣል። በተቀባዩ አገር ይበየዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ይገጣጠማል። ጎማ፣ ባትሪ፣ መስታወትና የወንበር ልብስ ቀስ በቀስ ከአገር ውስጥ ይገዛል።

የናይጄሪያው ታሪክ ከሁሉም ይገርመኛል። በሰሜኑ ካዱና የተተከለው መገጣጠሚያ በመጋቢት 1975 ተከፈተ። በዚያው ዓመት የሌጎስ ወደብ ሲሚንቶ በጫኑ መርከቦች ተጨናንቆ ነበር። ካዱና ደግሞ ከባሕር ሩቅ ናት። መፍትሔው ምን ሆነ? ዩቲኤ የተባለው የፈረንሳይ አየር መንገድ የመኪናውን ክፍሎች ዲሲ 8 በተባለ የጭነት አውሮፕላን ጭኖ ከሊዮን በቀጥታ ካዱና ያራግፍ ጀመር። የቤት መኪና በቁርጥራጭ በአውሮፕላን! የነዳጅ ገንዘብ በነበረበት ዘመን ነው እንጂ ሌላ ጊዜ ማን ይደፍረዋል? የካዱናው 504 የባለሥልጣንም የታክሲም መኪና ሆነ። በተለይ ኋላው ረዘም ያለው ስቴሽን ዋገን ከከተማ ከተማ ሰው እያመላለሰ ኖረ። አውሮፓ ውስጥ የቤት መኪናው ሥራ በ1983 ሲቆም፣ ካዱና ግን እስከ 2000ዎቹ ገፋችበት።

ኬንያ ውስጥ ሞምባሳ ላይ ይገጣጠም ነበር። እዚያ ወደቡ አጠገብ ስለሆነ አውሮፕላን አላስፈለገም። አርጀንቲና ደግሞ ከመገጣጠም አልፋ ብዙውን ክፍል እዚያው እየሠራች እስከ 1999 ቀጠለች። አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካም ገጣጥመውታል።

እንግዲህ አንድ መኪና ከየት እንደወጣ እንዴት ይታወቃል? መጀመሪያ መሪውን እዩ። ሞምባሳ፣ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ መሪው በቀኝ ነው። ናይጄሪያ በ1972 ወደ ቀኝ መስመር ስለዞረች የካዱናው መሪ በግራ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ መሪዋ በግራ የሆነች 504 ብታዩ፣ ኬንያ ቅርብ ስለሆነች ብቻ «ከሞምባሳ መጣች» አትበሉ።

ከዚያ የሻንሲ ቁጥሩ ይመጣል። ባለ 17 አኃዙ ቁጥር በኋለኞቹ መኪኖች ላይ ነው ያለው፤ በቪኤፍ 3 (VF3) ከጀመረ የፈረንሳዩ ፔጆ፣ በ8ኤዲ (8AD) ከጀመረ የአርጀንቲናው ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ ይህ ኮድ የአምራቹን ማንነት እንጂ መጨረሻ ላይ ብሎን የጠበቀበትን ቦታ የግድ አይናገርም። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የማምነው ኮፈኑ ሥር የተለጠፈውን የገጣጣሚውን መለያ ሰሌዳና በመስታወቶቹ ጥግ ላይ ያለውን ማህተም ነው። አንዱ መስታወት ተሰብሮ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም የአንድ አገር ከሆኑ ግን ወሬው ይጠነክራል።

መኪናው ሥር ገብቶ ማየትም አይከፋም፣ ለልብሳችሁ ካልሳሳችሁ። መደበኛው የቤት መኪና የኋላ እግሮቹ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ርካሹ «ኤል» ሞዴል ግን ልክ እንደ ስቴሽን ዋገኑ ሁለቱን የኋላ እግሮች የሚያያይዝ ድፍን አክስል አለው። ይሄ ሞዴሉን እንጂ አገሩን አይነግራችሁም፤ ሻጩ የቱን ሞዴል እንደሚሸጥ ማወቅ አለማወቁን ግን ያሳያችኋል።