ትራንስፈረንስ ምንድን ነው? እንዴትስ ይለካል?

አንዲት ታካሚ በሳይኮቴራፒ፣ ማለትም በንግግር በሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ቀጠሮዋ ላይ ስታወራ ባለሙያው ወደ ግድግዳው ሰዓት በዓይኑ ሰረቅ አደረገ እንበል። ወዲያው ፊቷ ተለዋወጠ። «አሰለቸሁዎት አይደል?» አለችና የጀመረችውን ታሪክ ዋጠችው። ባለሙያው ምናልባት የቀረውን ደቂቃ ማወቅ ፈልጎ ይሆናል። እርሷ ግን ያየችው ልጅ ሆና ወሬ ስትጀምር ፊታቸውን ያዞሩባት የነበሩትን አባቷን ነው። ከቅርብ ሰው ጋር ሲኖሩ የተለመደ ስሜት፣ ሥጋትና ግምት እንዲህ ወደ ባለሙያው ሲዞር ትራንስፈረንስ፣ ማለትም የስሜት ሽግግር ይባላል። ቁጣ ብቻ አይደለም፤ ፍቅር፣ አምልኮ የሚመስል አድናቆት፣ ያለ ምክንያት መፍራትም ሊሆን ይችላል።

የዚህ ዓይነቱ ሕክምና ፈር ቀዳጅ የሆነው ኦስትሪያዊው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ነገሩን ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1895 ከሐኪሙ ዮሴፍ ብሮየር ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ክብደቱን በግልጽ የጻፈው ግን በምስጢር ስም «ዶራ» ብሎ በጠራት ወጣት ታካሚ ታሪክ ላይ ነበር። ዶራ በ1900 መጨረሻ ሕክምናውን አቋርጣ ሄደች፤ ፍሮይድም በ1905 ባወጣው ጽሑፍ ሽግግሩን በጊዜው ሊቆጣጠረው እንዳልቻለ አመነ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዋናው ማስረጃ የባለሙያው ቃል ሆኖ ቆየ። ይህ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ታካሚዋ «ተቆጥቻለሁ» ብትል ሽግግር ነው፤ «አልተቆጣሁም» ብትልም ስሜቷን እየካደች ነው ይባላል። በየትኛውም መልስ ትክክል ሆኖ የሚወጣ ሐሳብ ለምርመራ አይመችም።

ከዚህ መውጫ ካበጁት አንዱ በፊላደልፊያ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ሌስተር ሉቦርስኪ ነው። በ1970ዎቹ ያቀረበው ዘዴ «የግንኙነት ዋነኛ የግጭት ጭብጥ» ልንለው የምንችለው ነው። መነሻው ቀላል ነው፤ ታካሚዎች በቀጠሮው ሰዓት ስለ ሰዎች ትናንሽ ታሪኮች ያወራሉ። ከአለቃ ጋር የተደረገ ክርክር፣ የእኅት ስልክ፣ ከባል ጋር የተበላ እራት። ንግግሩ ተቀድቶ ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል፤ ከጽሑፉም ብዙውን ጊዜ አሥር ያህል ታሪኮች ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ላይ ሦስት ጥያቄ ይቀርባል፦ ተራኪዋ ከሰውየው ምን ፈለገች? እርሱ ምን መለሰላት? እርሷስ በበኩሏ ምን ሆነች?

የሰዓቷን ሴት እንውሰድ። ከአለቃዋ መደመጥ ፈለገች፤ አቋረጣት፤ ዝም አለች። ከእኅቷ መደመጥ ፈለገች፤ እኅቷ ስለ ራሷ ማውራት ጀመረች፤ ዝም አለች። በታሪኮቹ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ሦስትዮሽ ጭብጧ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ባለሙያው የተናገረቻቸው ታሪኮች ለብቻ ተወስደው ከዚህ ጋር ይነጻጸራሉ። ለእኔ የዘዴው ውበት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። ታሪኮቹን አንብበው ጭብጡን የሚለዩት መዛኞች ተነጋግረው ሳይሆን ለየብቻ ይሠራሉ፤ ምን ያህል እንደተስማሙም ይሰላል። ሁሉም በራሱ ቃል እንዳይጽፍም የምኞቶችና የምላሾች ዝርዝር ተዘጋጅቶ በየዘርፉ በስምንት ምድቦች ተጠቃሏል።

ይሁን እንጂ የአንድ ሰዓት ንግግር ቃል በቃል መገልበጥ አድካሚ ነው። ስለዚህ መጠይቆች መጡ። ርብቃ ብራድሊ፣ ኤሚ ሃይምና ድሩ ዌስተን በ2005 ያሳተሙት 90 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ የሚሞላው ባለሙያው ነው። 181 ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው ስለ አንድ ታካሚ ሞሉት፤ ከመልሶቹም አምስት ዓይነት አቀራረብ ወጣ፦ ቁጡና «ይገባኛል» ባይ፣ ጭንቀታምና ጥገኛ፣ የሚሸሽና እርዳታ የማይቀበል፣ ተማምኖ የሚሠራ፣ እንዲሁም የፆታ ስሜት የተቀላቀለበት። አራተኛውን ልብ ይሏል፤ ሽግግር ሁሉ በሽታ አይደለም።

የባለሙያው መጠይቅ ግን የባለሙያውንም መልክ ይዞ ይወጣል። በታካሚ የተበሳጨ ሰው ታካሚውን «ቁጡ» ብሎ ለመሙላት ሩቅ አይደለም። በሌላ ወገን፣ እነ ብሬንት ማሊንክሮት በ1995 ያወጡት 36 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ታካሚው ከባለሙያው ጋር ያለውን ትስስር ራሱ እንዲገልጽ ያደርጋል። እዚህም እንከን አለ፤ ራሱ ያላስተዋለውን ነገር ሊሞላ አይችልም፤ ታላቅን በፊቱ መንቀፍ ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰውም ቅሬታውን በወረቀት ላይ እንኳ ያለዝበዋል። በየትኛውም ዘዴ ደግሞ ቁጥሩ የሚያሳየው መደጋገምን እንጂ ምንጩን አይደለም። አባቷ በእርግጥ ፊታቸውን ያዞሩባት እንደነበር ምንም መጠይቅ አይነግረንም። ባለሙያው ዘወትር የሚያረፍድ ከሆነ ደግሞ ቁጣዋ ሽግግር ሳይሆን ተገቢ ወቀሳ ነው።

ታዲያ ልኬቱ ምን ይጠቅማል? በኖርዌይ፣ ኦስሎ፣ ፐር ሆግለንድና ባልደረቦቹ 100 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ አከሙ። በአንደኛው ቡድን ባለሙያዎቹ በታካሚውና በራሳቸው መካከል የሚሆነውን በግልጽ እያነሡ ያወያዩ ነበር፤ በሌላው አያነሡም። በአማካይ ሲታይ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ነገር ግን ታካሚዎቹ ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት ምን ያህል ጤናማ እንደሆነ ከሕክምናው በፊት ተመዝኖ ነበር። በዚያ መለኪያ ሲለዩ፣ ከሰው ጋር መዝለቅ ይከብዳቸው የነበሩት ከውይይቱ ይበልጥ ተጠቅመው ተገኙ። ብዙ ባለሙያዎች ይጠብቁ የነበረው ተቃራኒውን ነው፤ እንዲህ ያለውን ፊት ለፊት ውይይት የሚችሉት ጠንካሮቹ ብቻ ናቸው ይባል ነበር።