የቀስት አውታር አሠራር፣ በወሎ የእጅ ሙያ ዓይን

ወሎ ውስጥ «ደጋን» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው ጥጥ መንደፊያው ነው፤ የጎበጠ እንጨት፣ ከጫፍ ጫፍ የተወጠረ ጅማት፣ ሲመታ እየተንቀጠቀጠ ጥጡን የሚያፈካ። ፍላጻ የሚወረውረው ቀስትም የዚሁ ደጋን ወንድም ነው። እንጨቱ ዓመታት ሲያገለግል አውታሩ ይሳሳል፣ ይሻክራል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። አውታሩን በራሱ እጅ የሚሠራ ቀስተኛ ርዝመቱንም ውፍረቱንም ለቀስቱ በልክ ይሰጠዋል።

ድሮ አውታር የሚሠራው ከእንስሳ ጅማት፣ ከሐርና ከተክል ቃጫ ነበር። የወሎ ደጋ ገበሬ ተልባን የሚዘራው ለፍሬው ነው፤ በአውሮፓ ግን የተልባ ግንድ ቃጫ ተፈትሎ አውታር ይሆን ነበር። ጅማት ጠንካራ ቢሆንም እርጥበት ሲነካው ይለጠጣል፣ ስለዚህ እንደ ደሴ ክረምት ላለ ጉምና ዝናብ አይመችም። ዛሬ የሚበዛው ዳክሮን የሚባለው የፖሊስተር ክር ነው። ዳይኒማ የሚባለው ከዳክሮን እጅግ ያነሰ የሚለጠጥ በመሆኑ ፍላጻውን ያፈጥናል፤ ነገር ግን ጫፋቸው ያልተጠናከረ አሮጌ ቀስቶችን ሊሰነጥቅ ይችላል። ለጀማሪ ዳክሮንን እመርጣለሁ፤ መለጠጡ ራሱ ለቀስቱ ትራስ ይሆነዋል።

መሥሪያው ገበታ ለወሎ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሸማኔ ድሩን ሲያደራ ችካል ተክሎ ክሩን እያዞረ ይዘረጋል፤ የአውታር ገበታም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከቀስቱ የሚረዝም ጣውላ ወይም ቱቦላሬ ይቀርባል። በሁለቱም ጫፎቹ ላይ በብሎን የሚሽከረከር አጭር ክንድ ይታሰራል፣ በእያንዳንዱ ክንድ ላይም ሁለት ችካል ይቆማል። አራቱ ችካሎች በአንድ መስመር ሲሆኑ በዳርና ዳር ችካሎች መካከል ያለው ርቀት የአውታሩ ርዝመት ነው። አውታር ከቀስቱ 8 እስከ 10 ሴንቲሜትር ያጥራል፤ 173 ሴንቲሜትር (68 ኢንች) ለሆነ ጫፉ ወደ ፊት የታጠፈ ቀስት ከ163 እስከ 165 ሴንቲሜትር ይበቃል። ዳክሮን ስለሚለጠጥ ገበታው ላይ ትንሽ አሳጥሮ መጀመር ይሻላል።

ክሩ ከአንደኛው ውስጠኛ ችካል ይታሰርና በዳር ችካሎቹ ዙሪያ ይዞራል። አንድ ዙር ሁለት ፈትል ስለሚሰጥ ሰባት ዙር 14 ፈትል ነው፤ ይህ ለ18 ኪሎ ግራም (40 ፓውንድ) ጉልበት ላለው ቀስት ይስማማል። የተለመደው የዳክሮን አንድ ፈትል ብቻውን ወደ 22 ኪሎ ግራም ይችላል። እንግዲያ 14 ምን አስፈለገ? ፍላጻው ሲለቀቅ የቀስቱ ክንዶች በድንገት ሲቆሙ የሚያርፍበት ድንጋጤ ከመሳቡ ጉልበት እጅግ ስለሚበልጥ ነው።

የሙያው ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፈትሎቹ ሁሉ እኩል መወጠር አለባቸው። አንዱ ከላላ ሸክሙን የጠበቁት ብቻ ይሸከማሉ፣ ከመካከላቸውም ቀድመው የሚበጠሱ ይኖራሉ። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ለቅኝት በሰጡበት አገር ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የላላው ፈትል ሲነካ ድምፁ ዝቅ ይላል።

ክሩ ካለቀ በኋላ የገበታው ክንዶች ሩብ ዙር ይዞራሉ፤ ያኔ በሁለቱ ችካሎች መካከል የተዘረጋው ፈትል በሌላ ጠንካራ ክር ጥቅጥቅ ብሎ ይጠመጠማል። የክሩ መነሻና መድረሻም እዚያው ጥምጥም ሥር ይቀበራሉ። ክንዶቹ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ጥምጥሙ በዳር ችካሉ ላይ ይታጠፍና ቀለበት ይሆናል፤ ከዚያ ሁለቱ እግሮቹ በአንድነት እስከ 10 ሴንቲሜትር ያህል ይጠመጠማሉ። የላይኛው ቀለበት ከታችኛው ይሰፋል፣ ቀስቱ ሲፈታ በቀስቱ ክንድ ላይ ወደ ታች መንሸራተት ስላለበት ነው። የመጨረሻዎቹ ዙሮች የክሩን ጫፍ ከሥራቸው አሳልፎ በመሳብ ይጠበቃሉ።

ቀጥሎ ንብ ሰም በጣት እያሞቁ መቀባት ነው። አውታሩ 20 ዙር ያህል ይከረራል፤ አቅጣጫው ጥምጥሙን የሚያጠብቀው ይሁን። ሲከርር ያጥራል፣ ከእጀታውም ይርቃል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ልክ የሚገኘው በማክረርና በማላላት ነው። ከላይ ለተጠቀሰው ቀስት ከእጀታው ከ21 እስከ 23 ሴንቲሜትር መራቅ ጥሩ መነሻ ነው።

ፍላጻው የሚያርፍበት የመሃሉ ጥምጥም አውታሩ ቀስቱ ላይ ተወጥሮ እያለ ይሠራል። ውፍረቱ የሚለካው በፍላጻው ነው፤ ፍላጻው በጭራው አውታሩን ነክሶ ተንጠልጥሎ ይቆይ፣ አውታሩ በጣት መታ ሲደረግ ደግሞ ይውደቅ። ሁለተኛ አውታር አብሮ መሥራት ጠቃሚ ነው። እሱም ጥቂት ደርዘን ፍላጻ ተተኩሶበት ከተለጠጠ በኋላ ርዝመቱ ተስተካክሎ ከፍላጻዎቹ ጋር ይቀመጣል፤ ያልተለጠጠ አዲስ አውታር በመሃል ቢገባ ልኩን ያዛባልና።